ሐዘን ላይ ሆነው ጸሎት ሲጠፋ፦ ለአንዲት እኅት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ ካረፈ አምስት ወር ሞላው። የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ። ድሮ ዳዊት ሳልደግም ከቤት አልወጣም ነበር፤ አሁን መጽሐፉን ስከፍተው ፊደሉ ይጠፋብኛል። ሳለቅስ ዘመድ ‹ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? እምነትሽ የት ሄደ?› ይለኛል። የመንፈቁን ተዝካር ለማውጣት 60,000 ብር ልበደር ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ጠበል ቦታ ያገኘኋት ሴት ደግሞ ‹እምነት ካለሽ ኪኒኑን ተዪው› አለችኝ። እንዴት ልጽና?»

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የባለቤትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልሽ። የጠየቅሽው አንድ ይምሰል እንጂ አራት ነገር ነው፦ ጸሎቱ፣ ልቅሶው፣ ብድሩና መድኃኒቱ። ለነገ የማይባለው መድኃኒቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ኪኒንሽን ዛሬም ዋጪ። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት «ይኸው ምንም አልሆንኩም፣ ድኛለሁ» የሚለው ለዚህ ነው። ጉዳቱ የሚታወቀው አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም ግማሽ አካል ሲዝል ነው። በዚያ ላይ አንቺ እንቅልፍ ያጣሽ፣ ሐዘን የተጫነሽ ሰው ነሽ፤ ሁለቱም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ጠበሉን አትተዪ፤ ተጠመቂ፣ ጠጪም። ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን የለም። የኤች አይ ቪ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ መድኃኒት እየተዉ ይቸገሩ በነበረበት ጊዜ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱም ጠበሉም አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ከዚያም በፊት መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ። ምዕራፉ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብሎ ይጀምራልና፣ ሳይጨርስ ወደ ሞተ ሰው ልቅሶ ይሻገራል፦ ለሞተው አልቅስ፣ ሥርዓቱን ፈጽምለት፣ ከዚያ በኋላ ግን ተጽናና፣ ሐዘን ሰውን ይገድላልና ይላል። የአንቺ ሁለት ጥያቄዎች እዚያ አንድ ምዕራፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጾሙና ቁርባኑ ከኪኒኑ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭብሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ኪኒንሽ በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። የረቡዕና የዓርብ ጾም 9 ሰዓት ላይ ይፈታል። ለመቁረብም ቢያንስ 18 ሰዓት መጾም ግድ ስለሆነ፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ በልተሽ ኪኒንሽን ከዋጥሽ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 18ቱ ይሞላል። ሐኪሙ «አይሆንም፣ ጠዋት ነው መዋጥ ያለበት» ካለሽ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ፤ ለሕመምተኛ ጾሙን ማቅለል ሥልጣናቸው ነው። ሰዓቱን በራስሽ ብቻ አትቀይሪው፤ ያለፈ መጠን ለማካካስ ብለሽም ሁለት በአንዴ አትዋጪ።

ወደ ልቅሶው ልምጣ። «አታልቅሺ» የሚሉሽ ዘመዶችሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ እንባሽ ስለሚያስጨንቃቸው ነው። ነገር ግን የሚሉት የክርስትና ትምህርት አይደለም። ጌታ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር፤ እያወቀ አለቀሰ። «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል ዮሐንስ 11፥35። ትንሣኤን ማመን እንባ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት ማልቀስ ያልነበረበት እሱ ነበር። ማርያም እግሩ ሥር ወድቃ «አንተ በዚህ ብትኖር ኖሮ ወንድሜ ባልሞተም ነበር» ብላ አቤቱታ ስታቀርብም አልገሠጻትም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የከለከላቸው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ እንጂ ፈጽመው እንዳያዝኑ አይደለም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የኢዮብን ወዳጆችም አስታውሺ። መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ አንድም ቃል አልተናገሩትም፤ እስከዚያ ድረስ ያደረጉት ሁሉ ደግ ነበር። ጥፋቱ የመጣው አፋቸውን ከፍተው ሐዘኑን መተንተን ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፤ ያ ሁሉ እሮሮ ያሰማው ኢዮብ ግን ስለ እኔ ቅን ነገር ተናግሯል ተባለለት። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን በሰሙነ ሕማማት ጥቁር ለብሳ ሳምንቱን ሙሉ በሐዘን ትቀመጣለች፤ በዚያ ሳምንት ለሞቱ ሰዎች የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት እንኳ ስለማይደረግ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ለሁሉም ይጸለያል። የትንሣኤውን ቀን እያወቀች ዓርብን አትዘልም። «በቃሽ» ለሚልሽ ሰው ረጅም ክርክር አይጠቅምሽም። «አልቅሼ ሲወጣልኝ ይቀለኛል፣ ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ» በይው፤ ብዙ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲነገረው ደስ ብሎት ያደርጋል።

አሁን ጸሎቱ። ይህን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ብዙ ሐዘንተኛ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ፊደሉ የሚጠፋብሽ እምነትሽ ስለጠፋ አይደለም። ከባድ ሐዘን ትኩረትን ይበላል፤ ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ የሚጨመረውም፣ ታክሲ ላይ መውረጃ የሚታለፈውም ለዚሁ ነው። በዚህ አቅም የድሮውን ጸሎት ልድገም ብትይ ይሰበራል። በሳምንቱ የዳዊት አከፋፈል የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ ከአንድ ሰዓት የማያንስ ነገር ነው። ብዙዎች በሐዘን ሰሞን «ዳዊቱን በየቀኑ ልደግም፣ ውዳሴ ማርያሙን ልጨምር» ብለው ይሳላሉ፤ በአራተኛው ቀን ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐዘን ብቻ ሳይሆን ጸጸት ነው። ከጸጸቱ ሸሽተው የጸሎት መጽሐፉን ማየት ይተዋሉ። መክብብ 5፥5 ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል የሚለው እዚህ ላይ ይሠራል። ስለዚህ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ አዲስ ስእለት አትሳዪ።

በምትኩ ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ 7 ደቂቃ ያዢ። ማታ አልጋ ላይ አይሁን፤ ማታ ድካምም ትዝታም የሚበረታበት ሰዓት ነው። ወደ ምሥራቅ ቁሚ፤ ጉልበትሽ ካልጸና ተቀመጪ፣ ችግር የለውም። በስመ አብ ብለሽ አማትቢ። አቡነ ዘበሰማያትን አንዴ፣ ቀስ ብለሽ በይ። ቀጥለሽ አንድ መዝሙር ብቻ አንብቢ፤ ግዕዙን ለምደሽው ቢሆንም ለጊዜው በአማርኛ ይሁን፣ ልብሽ እንዲሰማው። ከዚያ የባለቤትሽን የክርስትና ስም ጠርተሽ «አቤቱ፣ የአገልጋይህን ነፍስ አሳርፍ» በይ። መጨረሻ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ። መቁጠሪያ አያስፈልግሽም፤ አውራ ጣትሽን በአራቱ ጣቶችሽ አንጓ ላይ አሳልፊው። እያንዳንዱ ጣት ሦስት አንጓ አለው፣ ሲያልቅ 12 ሞላ ማለት ነው። ሐሳብሽ መሃል ላይ ቢበተን እንኳ ጣትሽ የት እንደደረስሽ ይነግርሻል። የተለመደውን 41 ጊዜ ማለቱ ሁለት ሳምንት ሳታቋርጪ ከቆየሽ በኋላ ይደርሳል።

የትኛው መዝሙር? ቁጥሩን በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው የምሰጥሽ፤ በብዙው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጨምረሽ ፈልጊው። በ12 ጀምሪ፦ «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ» የሚለው ነው። ዳዊት አጭር በሆነ መዝሙር ውስጥ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። በማግሥቱ 41ን፣ እንባዬ ቀንና ሌሊት ምግብ ሆነኝ የሚለውን። ከዚያ 21ን፣ ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸበትን። 129ን፣ ከጥልቅ የሚጮኸውን። 22ን፣ እረኛዬ ነው የሚለውን፣ ለቅዳሜ አቆዪው። 87 ደግሞ ለብቻው ነው። አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህኛው አይዞርም፣ በጨለማ ያልቃል። ምንም ተስፋ በማይታይሽ ቀን እሱን አንብቢና ዝጊው። እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ መቀመጡ፣ እግዚአብሔር ያልተጠናቀቀ ሐዘንንም እንደ ጸሎት እንደሚቀበል ያሳያል።

አንድም ቃል የማይወጣበት ጠዋት ይኖራል። ያን ቀን አማትበሽ ለ7 ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ወይም አንድ ቃል ደጋግሚ። ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ደገመው ይላል ማቴዎስ፤ አዲስ ቃል አልፈለገም። ሮሜ 8፥26 ደግሞ እንዴት እንድንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ ቅዱስ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። አንድ ቀን ቢያመልጥሽ በማግሥቱ ያንኑ 7 ደቂቃ ያዢ እንጂ 14 አታድርጊው። ዕዳ የሆነ ጸሎት አይዘልቅም።

ከጸሎቱ በፊት ግን ምግብና እንቅልፍ። ይህን የምለው ነገሩን አቅልዬ አይደለም፤ በ1ኛ ነገሥት 19 የተጻፈ ሥርዓት ስለሆነ ነው። ኤልያስ ክትክታ ሥር ተጋድሞ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ሞትን ሲለምን፣ መልአኩ ስብከት ይዞ አልመጣም፤ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ይዞ መጣ። ኤልያስ በላ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና አበላው። 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው፣ የእግዚአብሔርንም ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ከልጆችሽ ጋር ማዕድ ቅረቢ፣ ሦስት ጉርሻም ብቻ ቢሆን። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብሽ፤ ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር ማፍላቱን ጎረቤት ይያዝልሽ። ጾሙ ላይ ደግሞ የሰውነትሽን ሁኔታ ለንስሐ አባትሽ ግለጪ። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥትም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው።

ንስሐ አባትሽ ዘንድ ስትሄጂ «ጸሎት አቁሜያለሁ» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። በሐዘን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸጸት ይቀላቀላል። አንደኛው እውነተኛ በደል ነው፦ ተጣልታችሁ ሳትታረቁ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በንስሐ ይሰረያል። ሁለተኛው «ቀድሜ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» የሚለው ነው፤ ይህ ኃጢአት አይደለምና በኑዛዜ ስታመላልሺው አይለቅም፤ የሚፈልገው ሥርየት ሳይሆን የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሁለቱን ለያይተሽ ንገሪያቸው። ቀኖናሽን ከአቅምሽ ጋር እንዲያመዛዝኑት የምትወስጂውን መድኃኒትና በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኚ ጨምረሽ አስረጂ።

የተዝካሩ ነገር። 60,000 ብሩን አትበደሪ። በሣልስት፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ለሞተው የምታደርግለት ጸሎትና ቅዳሴ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ምጽዋት። ድንኳኑ፣ በሬውና ጠላው ከባህል የመጡ ናቸው። ያላቸው ሰዎች ድሆችን ቢያበሉበት መልካም ነው፤ የሌለው ሰው ቢተወው ግን ከሟቹ ነፍስ የሚጎድል ነገር የለም። አባት ያጡ ልጆችን ዕዳ ውስጥ ማስገባት ግን ምጽዋቱን ራሱን ያበላሸዋል፤ ከሕፃናት አፍ ነጥቆ ጠግቦ ለመጣ እንግዳ ማቅረብ ነውና።

መንፈቁን እንዲህ ማሰብ ትችያለሽ። አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ የባለቤትሽን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈሽ ለካህኑ ስጪ፤ በቅዳሴው ስሙ እንዲጠራ፣ ጸሎተ ፍትሐትም እንዲደረግለት ጠይቂ። ቀኑ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ ቀጥሎ ያለው እሑድ ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያኑ ዕጣን፣ ጧፍና ለመገበሪያ የሚሆን ንጹሕ የስንዴ ዱቄት ከዘቢብ ጋር ውሰጂ፤ መጠኑን እዚያው ጠይቂ፣ ደብር ከደብር ይለያያል። ቤትሽ ከ3 ኪሎ ዱቄት አንድ ድፎ ዳቦ ድፊ፤ 3 ኪሎ ስንዴና ሽምብራ ቀቅለሽ ንፍሮ አድርጊ፤ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን በልጆችሽ እጅ አድይ። ሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር ካለሽ ተራሽን ከመንፈቁ እሑድ ጋር እንዲያዛውሩልሽ ጠይቂ፤ ለማኅበሩ የምታዘጋጂው ድግስ ያው መታሰቢያ ይሆናል፤ ሁለት ወጪ አይኖርብሽም። ዘመድ «ምን ይሉናል» ካለ ወሬውን ንስሐ አባትሽ ይያዙልሽ፤ «ካህኑ እንዲህ ይሁን ብለዋል» የሚለው ቃል ብዙ አፍ ይዘጋል። ጥቁር ልብሱም እንዲሁ ባህል ነው፤ ዓመት ልልበስ ካልሽ ልበሺ፣ ቀደም ብለሽ ብታወልቂውም ኃጢአት የለብሽም።

አሁን ደግሞ ሐዘን መቼ ወደ ሕመም እንደሚዞር ልንገርሽ። እሱ ይመጣበት በነበረው ሰዓት የበር ቁልፉ ድምፅ የተሰማሽ መስሎሽ ብትነሺ፣ ወይም መንገድ ላይ ጀርባውን ያየሽ ቢመስልሽ፣ አትፈሪ። በሐዘንተኞች ላይ በብዛት የሚደርስ ነገር ነው፤ የሰይጣን ሥራም የእብደት መጀመሪያም አይደለም። በዚህ ሰበብ «መንፈስ ይዞሻል፣ ላስለቅቅልሽ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ራቂው። «ምነው አብሬው በሆንኩ» የሚለው ሐሳብም ብልጭ ማለቱ አያስደንግጥሽ፤ ሙሴም፣ ኤልያስም፣ ኢዮብም ሞትን ተመኝተዋል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በሌሊት ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ መተኛት ካቃተሽ፣ ልብስሽ እስኪሰፋሽ ከከሳሽ፣ ልጆቹን ማብላትና ማጠብ ካልሆነልሽ፣ ከሐኪም ጋር መነጋገር አለብሽ። ግፊትሽን የሚከታተልሽ ሐኪም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከፍ ላለው አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሐሳቡ ከምኞት አልፎ «እንዴት» እና «መቼ» ማለት ከጀመረ ደግሞ ነገ አትበዪ፦ ያን ሌሊት እኅትሽን ወይም ጎረቤትሽን ጥሪ፣ በግልጽ ቃል ንገሪያት፣ መድኃኒቶችሽን እሷ ትያዝልሽ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ አብራችሁም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህን መናገር እምነት ማጣት አይደለም።

ቅዳሴ ላይ እንባ ይመጣብኛል ብለሽ ከቀረሽ፣ በጎን በር አጠገብ ቦታ ያዢ፤ መውጣት ቢያስፈልግሽ መንገድ አታጪም። አንዲት የምታምኛት ሴት አብራሽ ትቁም። ከቅዳሴ በፊት ያለውን የኪዳን ጸሎት ብቻ አድርሰሽ መመለስም ጅምር ነው። በዓላትን፣ በተለይ ሕዝብ የሚበዛባቸውን፣ ለጊዜው ብትተዪ ይሻላል፤ ተራ እሑድ ይቀላል።

ስለ ልጆቹ አልጠየቅሽኝም፤ ግን የአንቺ ጽናት ከእነሱ አይለይም። ለትንሹ «አባዬ ሩቅ አገር ሄዷል» አትበዪው፤ በየቀኑ በር በር ያያል፣ ሳይመጣ ሲቀርም ጥሎኝ ሄደ ይላል። «ተኝቷል» ካልሽው መተኛት ይፈራል። «እግዚአብሔር ወሰደው» ብለሽ ብቻ ከተውሽው ደግሞ እግዚአብሔርን እንደ ቀማኛ ያየዋል። «አባዬ ሞቷል። ሰውነቱ አሁን አይንቀሳቀስም፣ አይበላም፣ አያመውምም። ነፍሱ እግዚአብሔር ዘንድ ናት። ጌታ ሲመጣ ሁላችንም እንነሣለን፣ ያኔ እናገኘዋለን» በይው። በነጋታው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቅ ያንኑ መልስ በዚያው ቃል ድገሚለት፤ የ5 ዓመት ልጅ ሞት ምን እንደሆነ አንዴ ሰምቶ አይገባውም። ትልቁ ልጅ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ዕወቂ፤ አንቺ እንዳታለቅሺ ብሎ ውጦት ይሆናል። ፊቱ አልቅሺ፣ ለምን እንደምታለቅሺም ንገሪው።

ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ጧፍ አብሩ። አንድ ቀን ትልቁ፣ አንድ ቀን ትንሹ ይለኩሰው፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ። አቡነ ዘበሰማያት በሉ፣ የአባታቸውን የክርስትና ስም ጠርተው «ነፍሱን ማርልን» ይበሉ፣ ጧፉን አጥፉና ተኙ። ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ቀን ትንሹ ጨዋታ ይዞት ስሙን መጥራት ይረሳ ይሆናል። እንዳትቆጪው፣ እንዳታስታውሽውም፤ አንቺ በልብሽ ጥሪው።